ከቃሉ ማሾ እስከ ቹንቾን፤ ወሎ ሆኖ ኮሪያን የማወቂያ መንገድ

ኮሪያን ማወቅ የፈለገ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከፊልም ነው። በአማርኛ እየተተረከ በፍላሽና በቴሌግራም የሚዞረው የኮሪያ ተከታታይ ድራማ ደሴም ኮምቦልቻም ከገባ ቆይቷል። ቡና እየተጠጣ ስለ ተዋናዮቹ ሲወራ መስማትም ብርቅ አይደለም። የእኔ ምክር ግን ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት የሚል ነው። መጀመሪያ ገበያ፣ ቀጥሎ ማድቤት፣ ከዚያ ፊልም፣ ከዚያ ፊደል፣ መንገዱ በመጨረሻ።

ምክንያቱም የኮሪያ ፊልም ውስጥ ሰው ያለማቋረጥ ይበላል። ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ ያዝናሉ፤ ሁሉም ገበታ ላይ ነው። ምግቡን ቀምሶ የማያውቅ ተመልካች የጨዋታውን እኩሌታ ሳያውቀው ያልፈዋል። በዚያ ላይ ድራማው የሚያሳየን ሴኡል የባለሀብት ልጆችና የመስታወት ፎቅ ከተማ ነው። ያንን ብቻ አይቶ ኮሪያን አወቅኩ ማለት ቦሌን አይቶ ወሎን አወቅኩ እንደማለት ይሆናል። ማድቤታቸው ግን የድሃ አገር ማድቤት ነው፤ ክረምቱን ለመሻገር የተፈለሰፈ። ለእኛ የሚቀርበውም እሱ ነው።

ገበያ ይውጡ

የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር ደሴ ሰኞ ገበያም ሆነ ኮምቦልቻ ገበያ ይገኛል፤ ጥቅል ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ባሮ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ሰሊጥ፣ ገብስ፣ ዛላ በርበሬና ሩዝ። አኩሪ አተር ሶስ ከትልልቅ ሱቆች ይጠይቁ። ባይገኝም የሚቀር ምግብ የለም።

ከሁሉ በፊት ግን ማሾ ይግዙ። በኮምቦልቻ ዙሪያ ያለው የቃሉ ገበሬ ማሾ የሚያመርተው ለገበያ ነው፤ ነጋዴ ይሰበስበውና አብዛኛው ወደ ውጭ ይላካል። የራሳችን ገበታ ላይ እምብዛም አይታይም። ኮሪያዎች ይህንኑ እህል ኖክዱ ብለው ይጠሩታል። ፈጭተው ቢንዴትዶክ የሚባል ወፈር ያለ ቂጣ ይጠብሱበታል፣ አብቅለው ቡቃያውን እንደ አትክልት ይበሉታል። ጓሯችን የበቀለውን እህል እንዴት እንደሚበላ ከሩቅ አገር መማራችን ትንሽ ያሳፍራል፤ ቢሆንም ይማሩት።

ሩዙን ሲገዙ የፎገራ መሆኑን ይጠይቁ። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ የእርሻ ባለሙያዎች ጣና ዳር ወደ ፎገራና ደራ መጥተው ሩዝ አስተዋውቀዋል። ኤክስ-ጅግና የሚባለው የአካባቢው ዝርያ ስሙን ያገኘው ያኔ ከነበረው የጅግና አምራቾች ኅብረት ሥራ ነው። አጠር ያለ፣ ሲበስል ያዝ ያዝ የሚያደርግ ዘር ስለሆነ ከረጅሙ የውጭ ሩዝ ይልቅ ለኮሪያ ምግብ ይስማማል። ኮሪያ ሁለት መሆኗንም እዚህ ላይ ያስታውሱ። ያባቶቻችን ጦር የዘመተው ለደቡቡ ነው፤ ሩዙና አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ አጠገብ ያለው የትግላችን ሐውልት ደግሞ ከሰሜኑ ጋር የነበረው ወዳጅነት ትሩፋት ናቸው።

በርበሬ ላይ ይጠንቀቁ። ቤት ያለው የወጥ በርበሬ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ስላለበት አይሆንም፤ ኪምቺ የሚሉት በበርበሬ ተሽቶ የሚኮመጥጥ የጎመን ምግባቸው ቀዝቃዛ ቀይ ወጥ ይመስልብዎታል። ሚጥሚጣም ያቃጥላል እንጂ ቀለም አይሰጥም። ለስላሳውን ቀይ የማረቆ ዛላ ይግዙ፣ ፍሬውን ያራግፉ፣ ፀሐይ ያስመቱትና በሙቀጫ ሽርክት አድርገው ይውቀጡት። ማላም አያስፈልገውም።

ማድቤት፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ

በገብስ ሻይ ይጀምሩ። ቦሪቻ ይባላል፤ ኮሪያ ውስጥ በየቤቱ እንደ ውሃ ይጠጣል። ጨው ያልነካው የገብስ ቆሎ እስኪጠቁር ሳይሆን ቡናማ እስኪሆን ጨምረው ይቁሉት። ለአንድ ሊትር ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨምረው ሩብ ሰዓት ያህል ያፍሉት፣ ያጥልሉት፣ ያለ ስኳር ይጠጡት። ደሴ ላይ ትኩሱ፣ ኮምቦልቻ ላይ የቀዘቀዘው ይሻላል።

ቀጥሎ ማሾውን ያብቅሉ። ሁለት እፍኝ ማሾ ለቅመው አጥበው ሌሊቱን ይዘፍዝፉ። ጠዋት ውሃውን ያንጠፍጥፉና ታችኛው በተበሳሳ ዕቃ ውስጥ አድርገው በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው ጨለማ ቦታ ያስቀምጡ። በቀን ሦስት ጊዜ ንጹሕ ውሃ ያፍስሱበት፤ ውሃው ግን እንዳይቋጥር። ኮምቦልቻ በሦስት ቀን፣ ደሴ ብርድ ስላለ በአምስት ቀን ጣት የሚያህል ነጭ ቡቃያ ይወጣል። ጥሬውን አይብሉት፤ እርጥበትና ሙቀት ለጀርምም ይመቻል። በፈላ ውሃ ሁለት ደቂቃ ቀቅለው ይጭመቁት፤ በጨው፣ በተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና በተቆላ ሰሊጥ ይሹት። ናሙል የሚሉት ይኸው ነው። ከሩዝ ጎን ካሮትና ጎመን እንዲሁ እየተሠሩ ሲደረደሩ፣ አናቱ ላይ በርበሬ ሲታከልና አንድ ላይ ሲታሽ ቢቢምባፕ ይሆናል። ከዚያ በላይ ምስጢር የለውም።

አሁን ኪምቺው። ኮሪያዎች የሚጠቀሙበት ረዘም ያለ የቻይና ጎመን እኛ ገበያ አይገኝም፤ ጥቅል ጎመን ይተካዋል፤ ትንሽ ይጠነክራል እንጂ ጣዕሙ አያሳፍርም። ሁለት ኪሎ ጎመን በጣት ስፋት ይክተፉ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨው (50 ግራም ያህል) ነስንሰው በእጅዎ በደንብ ይሹት። ለሁለት ሰዓት ይተዉት፤ ይለሰልሳል፣ ውሃም ያወጣል። ያንን ውሃ አይድፉ፣ ጎመኑንም መልሰው አይጠቡ፤ እንዳይበላሽ የሚጠብቀው የጨው መጠን በልክ የተደረገ ነው። አንድ ማንኪያ የሩዝ ወይም የስንዴ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ውሃ ገንፎ ሳይሆን አጥሚት አድርገው አብስለው ያቀዝቅዙ። ስምንት ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብልና አንድ ቀይ ሽንኩርት ይፍጩ፤ አራት ማንኪያ ሽርክት በርበሬና አንድ ማንኪያ ስኳር ጨምረው ከአጥሚቱ ጋር ያዋሕዱ። ከጎመኑ፣ ከተላገ ካሮትና ከባሮ ሽንኩርት ጋር ይሹት፤ ጓንት ከሌለዎት እጅዎን ለቀሪው ቀን ወደ ዓይንዎ አይውሰዱ።

ንጹሕ የብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ እየጠቀጠቁ ይሙሉ። ኩፍ ሲል እንዳይፈስ ከላይ አራት ጣት ባዶ ይተዉ። አትክልቱ ከውሃው በታች መዋል አለበት። ከዚያ በኋላ ያለው የሊጥ ሥራ ነው፤ እንጀራ የምትጋግር ሴት ሊጡን አይታ አሽትታ እንደምታውቀው እርስዎም በየቀኑ ከፍተው ይተንፍሱት፣ በማንኪያ ወደ ታች ይጫኑት፣ ይቅመሱት። ኮምቦልቻ በሞቃቱ ወራት አንድ ቀን ተኩል ይበቃዋል፤ ደሴ በጥቅምትና በኅዳር ብርድ አራት ቀን ሊፈልግ ይችላል። ደስ የሚል መኮምጠጥ ሲጀምር ፍሪጅ ያስገቡት። ሻጋታ ካወጣ ወይም ከኮመጠጠ ሽታ አልፎ ከከረፋ ያለ ርኅራኄ ይድፉት።

ይህ አሠራር የጾም ነው፤ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ገበታ ይቀርባል። አብዛኛው የኮሪያ ኪምቺ የዓሣ ወይም የሽሪምፕ መረቅ ይገባበታል፤ የቡድሃ መነኮሳት ግን ያንን አይነኩም፣ ነጭ ሽንኩርቱን ሳይቀር ይተዋሉ። ስለዚህ የጎደለው ነገር አለ ብለው አይጨነቁ።

ማሾው ግማሽ ከተረፈዎት ቢንዴትዶኩን ይሥሩ። ሁለት ብርጭቆ ማሾ አዳሩን ዘፍዝፈው ገለባውን በእጅ እያሹ ያንሳፉ። በጣም ትንሽ ውሃ አድርገው በጁስ መፍጫ ይፍጩት፤ ሊጡ ወፍራም ይሁን። ተከትፎ የተጨመቀ ኪምቺ፣ ጥቂት ቡቃያና ጨው ይጨምሩ። ሳይቆይ ዘይት በጋለበት መጥበሻ ላይ መዳፍ የሚያህል እየደፉ በመካከለኛ እሳት ሁለቱንም ፊት ይጥበሱ። በአኩሪ አተር ሶስና ኮምጣጤ እያጠቀሱ ትኩሱን ይበሉታል። በሁለተኛው ሙከራ ሰፈሩ ሁሉ ይጠይቅዎታል።

ስለ ገበታው ሥርዓት ብዙ ማለት አያሻም፤ ወሎ ያደገ ሰው አብዛኛውን ያውቀዋል። ትልቅ ሰው ማንኪያ ሳያነሳ አይጀመርም፣ ዕቃ በሁለት እጅ ወይም ቀኝ እጅን በግራ ደግፎ ይሰጣል፣ ጫማ ደጃፍ ላይ ይወልቃል። የማናውቃቸው ሁለት ነገሮች አሉ። ቾፕስቲክ (ሁለቱ የመብሊያ ዘንጎች) ሩዝ ላይ ተተክሎ አይቀመጥም፤ የሙት መታሰቢያ ይመስላል። የሩዙም ሳህን ከጠረጴዛ አይነሳም፤ ሩዝና ሾርባው በማንኪያ፣ መሐል የተደረደረው ማባያ በቾፕስቲክ ይበላል።

አሁን ፊልም ይክፈቱ

በመጀመሪያ ዴጃንግጉምን ይዩ። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2004 የተላለፈ የ54 ክፍል ድራማ ነው፤ የቤተ መንግሥት ወጥ ቤት ሆና ጀምራ በኋላ የንጉሥ ሐኪም ስለሆነች ሴት ይተርካል። ኪምቺ ሠርቶ የተመለከተው ሰው የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች በሌላ ዓይን ያያቸዋል። ሙሉውን ካልጨረስኩ ብለው ግን ራስዎን አያስጨንቁ፤ መሐሉ ላይ ሴራው ይንዛዛል።

ቀጥሎ የ2002ቱን ጂብሮ ያግኙ፤ በውጭ ገበያ ዘ ዌይ ሆም ይባላል። ከሴኡል መጥቶ ገጠር ካለች መናገር ከማትችል አያቱ ጋር የተተወ ጨዋነት የጎደለው ልጅ ታሪክ ነው። ልጁ የተጠበሰ የከተማ ዶሮ ያምረዋል፤ አያቲቱ በዝናብ ሄዳ ዶሮ ገዝታ ቀቅላ ታቀርብለታለች፤ እሱ ያለቅሳል። አያት ያሳደገችው ወሎዬ እዚህ ጋ ሳቅና እንባ አንድ ላይ ይመጡበታል። ከቤተሰብ ጋር የሚታይ ነው።

እንደ እኔ ሚዛን ለደሴና ለኮምቦልቻ ተመልካች ከሁሉ የሚበልጠው ግን ኦድ ቱ ማይ ፋዘር ነው፤ በ2014 ወጣ፤ የኮሪያ ስሙ በቡሳን ባለው የጉክጄ ገበያ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ከሰሜን የተፈናቀለ ቤተሰብ ቡሳን ገበያ ውስጥ ሱቅ ተጠግቶ ይኖራል። ትልቁ ልጅ ወንድሙን ለማስተማር በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀርመን ሄዶ ከመሬት በታች ከሰል ይቆፍራል፤ የሚያገባትም እዚያው በነርስነት የምትሠራ የአገሩ ልጅ ናት። ቀጥሎ ደግሞ ቬትናም ይሄዳል። ይህ የተፈጠረ ተረት አይደለም፤ ደቡብ ኮሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ ማዕድን ቆፋሪዎችና ነርሶችን ጀርመን ልካለች። ከየቤቱ አንድ ልጅ ዓረብ አገር በላከ ሕዝብ መሐል ሆኖ ይህን ማየት ሌላ ነው። ኮሪያ ሀብታም ሆና የተወለደች የሚመስለው ወጣት ይህን ፊልም ከአባቱ ወይም ከአክስቱ ጋር ቁጭ ብሎ ይይ። በ1983 እ.ኤ.አ. የተለያዩ ቤተሰቦችን ለማገናኘት በቴሌቪዥን የተካሄደው ፕሮግራም የሚታይበት ክፍል ላይ ሲደርሱ መሐረብ ያዘጋጁ።

ጦርነቱን ራሱን የሚያሳየው የ2004ቱ ቴጉክጊ ነው። ደም የበዛበት ስለሆነ ሕፃናት ባሉበት አይክፈቱት፤ ጦርነት በቅርቡ ያየ ሰውም አስቦበት ይየው። ፓራሳይትን መጨረሻ ላይ ያድርሱት። በ2019 ካን ላይ አሸንፎ በ2020 አራት ኦስካር የወሰደው ይህ ፊልም የአዋቂ ነው፤ ለእንግዳ መግቢያ አይሆንም፤ አገሩን በመጠኑ ላወቀ ግን ይጥማል።

አንድ ነገር ልጨምር። በአማርኛ የተተረከው ፊልም ለአያትም ለልጅም ይመቻል፤ ነገር ግን የተራኪው ድምፅ የተዋናዮቹን ይሸፍነዋል። የወደዱትን አንድ ፊልም ሁለተኛ ጊዜ በራሱ ድምፅ ይስሙት። ገጸ ባሕርይው ለጓደኛው ሲናገርና ለአለቃው ሲናገር ግሡ መጨረሻ ላይ ሲለዋወጥ ይሰማዎታል። አንቱና አንተ እየለየ ላደገ ጆሮ ይህ አዲስ አይደለም፤ በትርጉሙ ውስጥ ግን ይጠፋል።

ፊደሉ

ከሚፈሩት በላይ ቀላል ነው። ንጉሥ ሴጆንግ በ1446 እ.ኤ.አ. ያወጀው ሃንጉል ዛሬ 14 ተነባቢና 10 አናባቢ አለው፤ እነዚህ እየተጋጠሙ አንድ ቀለም ይሠራሉ። በጥቂት ምሽት ማንበብ ይጀመራል። አረፍተ ነገሩም እንደ አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያደርጋል፤ እንግሊዝኛ ስንማር የተገለበጠብን እዚህ ይስተካከላል። የኪንግ ሴጆንግ ኢንስቲትዩት በኢንተርኔት ነፃ ትምህርት ይሰጣል። ኢንተርኔቱ ሲመጣ የድምፅ ፋይሉን አውርደው ያስቀምጡ። ከፊደሉ ባሻገር በቅርብም የሚጠየቅ ሰው አይጠፋም፤ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ከገቡት ባለሀብቶች መሐል ፑንግኩክ የሚባል የኮሪያ ቦርሳ አምራች አንዱ ነበር። እንዲህ ዓይነት ፋብሪካ ውስጥ የሠራ ዘመድ ካለዎት ስለ አለቆቹ አነጋገርና የሥራ ጠባይ ይጠይቁት፤ ከየትኛውም መጽሐፍ የተሻለ ይነግርዎታል።

አዲስ አበባ ሲሄዱ

ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከኮምቦልቻ በአውሮፕላንም ይኬዳል። በመኪና ከሆነ የመንገዱን ሁኔታ በዋዜማው ያጣሩ። ሌላ ጉዳይ ይዘው ሲሄዱ ግማሽ ቀን ለአፍንጮ በር ይተዉ፤ የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ እዚያ ነው።

ታሪኩን ቀድመው ይወቁ። ቃኘው የሚል ስም የተሰጠው የመጀመሪያው ሻለቃ፣ ስሙን ከራስ መኮንን የጦር ፈረስ ወስዶ፣ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጅቡቲ በኩል በመርከብ ወደ ቡሳን ሄደ። ከክቡር ዘበኛ የተመለመሉት ወታደሮች ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፈው ተዋጉ። እስከ ሐምሌ 1945ቱ የተኩስ ማቆም ከሦስት ሺህ አምስት መቶ በላይ ዘምተዋል፤ ከ120 በላይ ሞተዋል፣ ከአምስት መቶ በላይ ቆስለዋል፤ የተማረከ ግን የለም። ከዚህም ሌላ ዶንግዱቾን በምትባል ከተማ የጦርነቱን ወላጅ አልባ ልጆች የሚያሳድግ ቤት አቋቁመው ረድተዋል። ደርግ ሲመጣ፣ መንግሥት ከሰሜን ጋር ሲወዳጅ፣ እነዚህ ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ኖሩ። መታሰቢያው ጋ አረጋዊ ዘማች ካገኙ ከፎቶ በፊት ሰላምታ ይቅደም፤ ጊዜ ይስጧቸው፣ በአንቱታ ያናግሯቸው፣ ስለ በረዶው ይጠይቋቸው።

ሌላው ጉርሻ ነው። ገርጂ ያለው ኮሪያ ሆስፒታል በ2004 እ.ኤ.አ. በኮሪያ ቤተ ክርስቲያን የተቋቋመ ነው። ቦሌ አካባቢ የኮሪያ ምግብ ቤቶች አሉ፤ ዋጋቸው ለእኛ ኪስ ይከብዳል፤ ሁለት ሆነው ገብተው አንድ ሾርባና ማባያውን ቢካፈሉ ቤትዎ የሠሩትን ኪምቺ መለኪያ ያገኛሉ።

ኮሪያ ራሷ

ለአብዛኛው ወጣት በሩ ትምህርት ነው። ግሎባል ኮሪያ ስኮላርሺፕ የሚባለው የመንግሥት ነፃ የትምህርት ዕድል የአውሮፕላን ቲኬቱን፣ የወር ወጪውንና የመጀመሪያውን የቋንቋ ዓመት ይሸፍናል። ማስታወቂያው በኤምባሲውና ስተዲ ኢን ኮሪያ በሚባለው የመንግሥት ገጽ ይወጣል፤ ማመልከቻ አይከፈልበትም። እኔ አስገባሃለሁ ብሎ ብር የሚጠይቅ ደላላ ካጋጠመዎት ይሸሹ። የዘማች የልጅ ልጅ ከሆኑ ደግሞ ህዋቾን የምትባለው አውራጃ ለዘማች ቤተሰቦች የምትሰጠውን የትምህርት ድጋፍ በዘማቾች ማኅበር በኩል ይጠይቁ።

ለጉብኝት የሚሄድ ሰው ቪዛው ሳይወጣ ቲኬት አይግዛ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ኢንቾን ይበራል። ሚያዝያና ጥቅምት ጥሩ ወራት ናቸው፤ ጥር ላይ የቦሩ ሜዳ ውርጭ ሙቀት ነው የሚያሰኝ ብርድ አለ። ሃላል የሚፈልግ ሴኡል ውስጥ ኢቴዎን ይሂድ፤ በ1976 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ማዕከላዊ መስጊድና ዙሪያው ያሉ ምግብ ቤቶች እዚያ ናቸው። ሌላ ቦታ ግን አንድ ቃል በቃልዎ ይያዙ፤ ድዌጂ ማለት አሳማ ነው። ሥጋው ሾርባም ቂጣም ውስጥ ሊገባ ስለሚችል ይጠይቁ። ጾመኛም የዓሣ መረቁን እንዲሁ ይጠይቅ።

ሴኡል ላይ ሁለት ቦታ ይበቃል። አንደኛው ዮንግሳን ያለው የጦርነት መታሰቢያ ሙዚየም፤ መግቢያው ነፃ ነው፣ ሰኞ ዝግ ነው፣ የሞቱብን ወታደሮች ስም ግድግዳው ላይ ተቀርጿል። ሁለተኛው ጓንግጃንግ ገበያ። እዚያ ማሾ በድንጋይ ወፍጮ እየተፈጨ ቢንዴትዶክ ፊትዎ ላይ ይጠበሳል፤ ከቤትዎ ጋር ያነጻጽሩት።

ከዚያ ወደ ቹንቾን ባቡር ይያዙ፤ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያልፋል። ብዙ ቱሪስት የሚሄደው የዊንተር ሶናታ ድራማ የተቀረጸበትን ናሚ ደሴት ለማየት ነው፤ እርስዎ ወደ ጎንግጂቾን ወንዝ ዳር ይሂዱ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በግንቦት 1960 ዓ.ም. የመረቁት የኢትዮጵያ ዘማቾች ሐውልት እዚያ ቆሟል። ፊት ለፊቱ በ2007 እ.ኤ.አ. የተከፈተው፣ ጣሪያው የገጠር ጎጆ የመሰለ የመታሰቢያ አዳራሽ አለ። አጠገቡ ደግሞ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእኛን ቡና የሚያፈላው ኢትዮጵያ ቤት የሚባል ካፌ ይገኛል። ከተማዋ ከአዲስ አበባ ጋር በእህትማማችነት የተሳሰረችው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። ምሳዎን ዳክጋልቢ ያድርጉ፤ ዶሮ፣ ጥቅል ጎመንና ስኳር ድንች በበርበሬ ሊጥ ተለውሶ ብረት ላይ የሚጠበስ የከተማዋ ምግብ ነው። ለአንድ ሰው ብዙ ጊዜ አይሸጥም፤ ጓደኛ ይዘው ይግቡ።

ሲመለሱ ኪምቺ ገዝተው ሻንጣ ውስጥ አይክተቱ፤ በመንገድ ይኮፍሳል፣ ልብስዎን ያበላሻል። ጎቹጋሩ የሚባለውን ሽርክት በርበሬ አንድ ኪሎ ይግዙ፤ ቀላል ነው፣ ፍሪጅ ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ከማረቆው ጋር እኩል ቀላቅለው ቢጠቀሙበት ደግሞ ሁለት እጥፍ ጊዜ ያደርስልዎታል።